ስላይዱ ላይ ያልተነበበው ሕዋስ

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ አለታማ ኮረብታ ላይ ኦቾሎ የምትባል መንደር አለች። ቤቶቿ በታላላቅ ቋጥኞች መካከል የተሠሩ ናቸው፤ ከቋጥኞቹ ሥር ባሉት ዋሻዎችና ስንጥቆች ደግሞ ሽኮኮዎች ይኖራሉ። በሕክምና ምርምር ዓለም የመንደሯ ስም የታወቀው በቁንጭር፣ ማለትም በቆዳ ሌሽማንያ ምክንያት ነው። ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ወደዚህ ኮረብታ እየወጡ የልጆችን ፊት አይተዋል፤ ዝንብ አጥምደዋል፤ ሽኮኮ መርምረዋል። በዚህም የበሽታው ሰንሰለት ቀለበት በቀለበት ተገለጠ፦ በሽታ አምጪው ሌሽማንያ ኤቲዮፒካ፣ አስተላላፊዋ ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር የተባለች የአሸዋ ዝንብ፣ የተህዋሲው ማደሪያ ደግሞ ሽኮኮ።

የምርመራው ዘዴ ቀላል ነው። ከቁስሉ ጠርዝ ጥቂት ተፍቆ በመስታወት ስላይድ ላይ ይቀባል፤ በጊምሳ ቀለም ይነከራል፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ይታያል። የመርማሪው ዓይን የሚፈልገው በመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ የተሸሸገውን ተህዋሲ ነው። በዙሪያው ተበትነው የሚታዩት ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፋቅ አብረው የፈሰሱ ናቸውና ማንም ልብ አይላቸውም። ከኮረብታው በታች፣ ወባ በሚበዛበት ቆላ ባሉ የጤና ተቋማትም ያው ቀለምና ያው ማይክሮስኮፕ በየቀኑ ይሠራሉ። በዚያም ቢሆን ቀዩ ሕዋስ የሚታየው የወባ ተህዋሲ ቤት በመሆኑ ነው እንጂ ስለ ራሱ አይደለም። መርማሪው እንግዳውን ይፈልጋል፤ ቤቱን አይመረምርም።

ሆኖም የቤቱ ቅርጽ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ጥቂት በዘር የሚወረሱ የነርቭ ሕመሞች አሻራቸውን በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ይተዋሉ። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠ አካል ነው፤ ደም ግን ከጣት ጫፍ ይገኛል። ለዚህም ነው ቀዩ ሕዋስ፣ ምንም እንኳ ሩቅ ቢመስል፣ ስለ አንጎል ሊመሰክር የሚችለው።

እሾህ ያወጣ ሕዋስ

ጤናማ ቀይ የደም ሕዋስ መካከሉ በሁለቱም ወገን የጎደጎደ ክብ ሲሆን ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው። ከመቅኒ ሲወጣ ኒውክለሱን ጥሎ ስለሚወጣ አዲስ ፕሮቲን መሥራት አይችልም፤ ይዞት በወጣው ብቻ 120 ቀን ያህል አገልግሎ ያልፋል። ሲሠራ የደረሰበት ጉድለት ስለዚህ እስከ መጨረሻው በመልኩ ላይ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1950 ባሰንና ኮርንዝዋይግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የዓይን ብርሃኗ የሚደክምና አካሄዷ የሚናጋ የ18 ዓመት ወጣት ታሪክ አቀረቡ። ቀይ የደም ሕዋሳቷ ክብ መሆናቸው ቀርቶ ርዝመታቸውና አቀማመጣቸው ያልተስተካከለ እሾሆች አብቅለው ነበር። ከጊዜ በኋላ ይህ ዓይነቱ ሕዋስ እሾህ ከሚለው የግሪክ ቃል አካንቶሳይት ተባለ። የሕመሙም ምክንያት ታወቀ፤ አካሏ ስብን ከአንጀት ተሸክሞ በደም የሚያጓጉዘውን ቤታ ሊፖፕሮቲን መሥራት አይችልም ነበር። ከስብ ጋር የሚጓዘው ቫይታሚን ኢ ወደ ነርቮች ስለማይደርስ ነርቮቹ እየተጎዱ ይሄዳሉ።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌቪን በኒው ኢንግላንድ፣ ክሪችሊና ባልደረቦቹ ደግሞ በኬንታኪ የሚኖር ሌላ ቤተሰብ አጠኑ። በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ሕሙማኑ አካላቸው ያለ ፈቃዳቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ እሾሃማ ሕዋሳትም ነበሯቸው፤ የደማቸው ቤታ ሊፖፕሮቲን ግን ጤናማ ነበር። እሾሁን ያበቀለው በደም ውስጥ ያለው ስብ ካልሆነ ጉድለቱ በራሱ በሕዋሱ ውስጥ መፈለግ ነበረበት። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ ሦስተኛ መንገድ ከደም ባንክ ተከፈተ። ሂዩ ማክሊዮድ የተባለ የሃርቫርድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ደም ሲለግስ ኬል በሚባለው የደም ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ያሉት ምልክቶቹ እጅግ ደካማ ሆነው ተገኙ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩም ሕዋሳቱ እሾሃማ ነበሩ። ይህ የደም ዓይነት ከነርቭ፣ ከጡንቻና ከልብ ሕመም ጋር እንደሚሄድ የታወቀው ቆይቶ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች ከነርቭ ሕመም ተነሥተው ወደ ደም ሲደርሱ እነዚህኞቹ ከደም ተነሥተው ወደ ነርቭ ደረሱ፤ ሁለቱ ወገኖች የተገናኙት በአንድ ሕዋስ ላይ ነበር።

ምክንያቱ የተብራራው ዘረመሎቹ ከተለዩ በኋላ ነው። የማክሊዮድ ሕመም ዘረመል ኤክስኬ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ኮሬያ አካንቶሳይቶሲስ የሚባለው ሕመም ዘረመል ቪፒኤስ13ኤ ደግሞ በ2001 ታወቁ። ከ2018 ወዲህ የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ቪፒኤስ13 የሚባሉት ፕሮቲኖች በሕዋስ ውስጥ ባሉ ሽፋኖች መካከል እንደ ድልድይ ተዘርግተው ስብን ከአንዱ ሽፋን ወደ ሌላው ያሻግራሉ። በ2020 ደግሞ ኤክስኬና ቪፒኤስ13ኤ ተያይዘው የሚሠሩ አጋሮች መሆናቸው ተገለጠ። ለረጅም ጊዜ ሁለት ተብለው የተጠኑት ሕመሞች በአንድ ድልድይ ሁለት ጫፎች ላይ የደረሱ ጉዳቶች ናቸው ማለት ነው። ድልድዩ ሲሰበር የቀዩ ሕዋስ ሽፋን ቅርጹን ያጣል፤ በአንጎል ጥልቅ ክፍል እንቅስቃሴን የሚገሩት የነርቭ ሕዋሳትም ቀስ በቀስ ይሞታሉ።

የደም ዓይነት ምልክት ደም ለመስጠትና ለመቀበል ብቻ የሚያገለግል አለመሆኑን የኢትዮጵያ የወባ ተመራማሪዎች ከሌላ አቅጣጫ ያውቁታል። ደፊ የተባለው ምልክት በቀይ ሕዋሳቸው ላይ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስ በሚባለው የወባ ዓይነት እንደማይያዙ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታመን ነበር፤ ምልክቱ የተህዋሲው መግቢያ በር ነውና። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ይህ በር በሌላቸው ኢትዮጵያውያን ደም ውስጥም ቫይቫክስን አገኘ። የተለመደውን እምነት ያናወጠው እንግዳውንና ቤቱን አብሮ የመረመረ ሥራ ነው።

ስም የሌለው ሕመም

ኮሬያ አካንቶሳይቶሲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሃያዎቹ ወይም በሠላሳዎቹ ዕድሜ ነው። እጅና እግር ያለ ፈቃድ ይወራጫሉ፤ አንገት በድንገት ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ምላስ የጎረሰውን ምግብ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ታማሚው ከንፈሩንና ምላሱን እስኪደማ ይነክሳል። ከታማሚዎቹ ግማሽ በሚጠጉት ላይ የሚጥል በሽታ ይታያል፤ አንዳንዴም ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ምልክት እርሱ ነው። የማክሊዮድ ሕመም ደግሞ ዘግይቶ፣ በአብዛኛው በወንዶች ላይ የሚታይ ሲሆን ልብንም ያጠቃል።

እንዲህ ያለ ሰው በገጠር መንደር ሲታይ ለሕመሙ የሚሰጠው ስም ምን ይሆናል? መጠጥ ያበዛ፣ ክፉ መንፈስ ያደረበት፣ ወይም አእምሮውን የሳተ ይባላል። በማዕድ ላይ ምላሱ ምግብ የሚያስወጣበት ሰው ከገበታ ይገለላል። ወደ ጠበል ወይም ወደ ጸሎት ቤት ይወሰዳል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካገኘም የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። ከዓመታት በኋላ ታናሽ ወንድሙ ተመሳሳይ ምልክት ሲያሳይ ቤተሰቡ የሚደርስበት መደምደሚያ እርግማን የሚል ነው። የዘር ውርስን ሳያውቁ በትክክል አይተውታል፤ የሰጡት ስም ግን ታማሚውንም እናቱንም የሚኮንን ነው።

በኢትዮጵያ የነርቭ ሕመሞችን ከሆስፒታል ደጃፍ ወጥቶ በየቤቱ የቆጠረው ታላቅ ሥራ የፕሮፌሰር ሬዳ ተክለ ሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው የቡታጅራ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው በዚህ ጥናት 60,820 ሰዎች ተዳርሰዋል። የሚጥል በሽታ ከ1,000 ሰው በ5.2ቱ ላይ ተገኘ። ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ከብርቅዬዎቹ መካከል፣ ያለ ፈቃድ የሚመጣ የአካል እንቅስቃሴ ከ100,000 ሰው 5 ተብሎ ተመዝግቧል። በተጠናው ሕዝብ ቁጥር ሲሰላ ሦስት ሰው ያህል መሆኑ ነው። ሦስት ሰው በቁጥር ትንሽ ነው። ነገር ግን ቆጣሪዎቹ በየደጁ ባይደርሱ ኖሮ ሦስቱም በማንም መዝገብ አይገኙም ነበር። እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ብዙ መንስኤዎች አሉት፤ የቀይ ሕዋስ ቅርጽ አንዱን ከሌላው ለመለየት ከሚረዱት ርካሽ መንገዶች አንዱ ነው።

ዘመድ የመቁጠር ጥበብ

ኮሬያ አካንቶሳይቶሲስ የሚወረሰው ጉድለቱ ከአባትም ከእናትም ሲመጣ ነው። ሁለቱም ወላጆች ጤናማ ተሸካሚዎች ከሆኑ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በብዙው የኢትዮጵያ ክፍል እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት፣ በጋሞም ከአንድ ጎሳ አለመጋባት፣ እንዲህ ያለ ዕድልን የሚያጠብ ነባር ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ዘረመል የሚባል ቃል ሳይኖር የተደነገገ ቢሆንም ሥራው ከዘረመል ጥበቃ ጋር ይገጥማል።

ጥበቃው ግን ሁሉን አይሸፍንም። በደቡብ ኢትዮጵያ በሸክላ፣ በቆዳና በብረት ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖች ሌላው ማኅበረሰብ ስለማይጋባቸው ለብዙ ትውልድ እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት በደቡብ ኦሞ በአሪ ሕዝብ መካከል በቀጥቃጮችና በአራሾች መካከል የሚታየው ልዩነት የመጣው ከተለያየ የዘር ምንጭ ሳይሆን ከዚህ የጋብቻ መለያየት መሆኑን አሳይቷል። የኅብረተሰብ መገለል በዘረመል ላይ ሊነበብ ይችላል ማለት ነው። በጠባብ ክበብ ውስጥ የሚዞር የተደበቀ ጉድለትም ከሌላው ይልቅ ራሱን የመግለጥ ዕድል አለው። ስለዚህ ጥያቄው የሕክምና ብቻ አይደለም፤ ሰውን ከጋብቻ ያገለለ ማኅበረሰብ በበሽታው ደግሞ እንዳያገልለው መጠንቀቅንም ይጠይቃል።

የማክሊዮድ ሕመም ለሰባት ቤት ቆጠራ አይገዛም። ዘረመሉ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ አንዲት ተሸካሚ እናት ለወንድ ልጇ ለማስተላለፍ ብቻዋን ትበቃለች፤ ባሏ ከየትኛውም ጎሳ ይሁን። በእርሷ ላይ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ስለማይታይ ሕመሙን ለልጇ ማውረሷን የምታውቀው ልጇ ሲታመም ነው።

ምስክሩን በጥንቃቄ መጠየቅ

ቀይ ሕዋስ ምስክር ነው ሲባል ሁልጊዜ እውነት ይናገራል ማለት አይደለም። በቅድሚያ አቀባቡ አለ። ለወባ ምርመራ የሚዘጋጀው ወፍራም ቅብ ቀይ ሕዋሳቱን ያፈነዳል፤ እንግዳውን ለማግኘት ሲባል ቤቱ ይፈርሳል። ቅርጽ የሚነበበው በሜታኖል በሚጸናው በስሱ ቅብ ላይ ብቻ ነው። ስሱም ቢሆን ሲደርቅ መልክ ይለውጣል፤ ቆይቶ የተቀባ፣ በሙቀት የዋለ ደም ጤናማውን ሕዋስ ያሸበሽበዋል። በአርባ ምንጭ ቆላ ሙቀት ደም ከመቅጃው እስከ ስላይዱ የሚቆይበት ሰዓት ራሱ የውጤቱ አካል ነው።

የሠለጠነ ዓይን ልዩነቱን ያያል። በመቆየት የተሸበሸበ ሕዋስ አጫጭርና በእኩል ርቀት የተደረደሩ ብዙ ጥርሶች አሉት፤ እውነተኛው አካንቶሳይት ጥቂት፣ ርዝመታቸውም ቦታቸውም የተዘበራረቀ እሾሆች ይኖሩታል። የከፋ የጉበት በሽታም ተመሳሳይ እሾህ ያበቅላል። በሌላ በኩል ሕመሙ እያለ እሾሁ በደረቅ ቅብ ላይ ሊሰወር ይችላል። ለዚህም ደሙን በእኩል መጠን የጨው ውሃ አቅጥኖ፣ ጥቂት አቆይቶ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የማየት ዘዴ ተዘጋጅቷል። ከዚያም የጡንቻ መጎዳትን የሚያሳየው ክሬያቲን ካይኔዝ መለካት አለበት፤ በሁለቱም ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላልና። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን የዘረመል ምርመራ ነው።

የጥንቃቄውን ዋጋ ከደቡብ አፍሪካ መማር ይቻላል። ሀንቲንግተንን የሚመስል፣ ጄፒኤች3 በሚባል ዘረመል የሚመጣ፣ የአፍሪካ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች ላይ የሚገኝ የነርቭ ሕመም አለ። ከታወቀ በኋላ ለዓመታት እሾሃማ ሕዋስ ከሚያሳዩት ሕመሞች ጋር ይዘረዘር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደቡብ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የሕሙማኑን ደም በወጉ አዘጋጅተው ከሀንቲንግተን ሕሙማን ደም ጋር ሲያስተያዩት እሾሁን አላገኙም። ሲቀባበል የኖረውን ዝርዝር ያስተካከለው በሽታው ካለበት አህጉር የወጣ፣ በመጠነኛ መሣሪያ የተሠራ፣ ትዕግሥት የነበረበት ምርመራ ነው።

ከደም ከረጢቱ በፊት

መዳኛ ለሌለው ሕመም ስም ማግኘት ምን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሁለት ምላሾችም አሉት።

የመጀመሪያው በባሰንና በኮርንዝዋይግ ሕመም ይገለጣል። ይህ ሕመም በሕፃንነት ሲጀምር የሚታየው ስብ የበዛበት ተቅማጥና የዕድገት መቀጨጭ ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን በገጠር ጤና ተቋም የምግብ እጥረት ካለባቸው ሕፃናት ጋር ይመደባል፤ በቅባት የዳበረ ማገገሚያ ምግብም ይሰጠዋል። ምግቡ ግን የሚያባብስበት ነው። በስስ ቅብ ላይ እሾሃማ ሕዋስ ያየ ባለሙያ ኮሌስትሮል እንዲለካ ቢያሳስብና እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ቢገኝ፣ ቅባት የተቀነሰበት ምግብና በከፍተኛ መጠን የሚሰጥ ቫይታሚን ኢ የነርቩን ጉዳት ሊከላከሉ ይችላሉ። ከተጎዳ በኋላ ሲሰጥ ግን የጠፋውን ብርሃንና የጠፋውን እርምጃ መመለስ አይችልም። እዚህ ላይ በማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየው እሾህ ሕፃኑ ወደፊት በእግሩ የሚሄድ ወይም የማይሄድ መሆኑን ይወስናል።

ሁለተኛው ምላሽ ከደም ባንክ ይመጣል። በአገራችን ደም ከመሰጠቱ በፊት በመደበኛነት የሚታዩት ኤቢኦና አርኤች ናቸው፤ የኬል ሥርዓት አይመረመርም። የማክሊዮድ ደም ያለው ሰው በመኪና አደጋ ወይም በቀዶ ሕክምና ምክንያት አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ደም ሲሰጠው ሰውነቱ በቀይ ሕዋሱ ላይ በሌሉት ምልክቶች ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል። ከዚያ በኋላ ከሚገኙት ለጋሾች ሁሉ የሚስማማው ደም የለም ማለት ይቻላል። ሕመሙ አስቀድሞ ከታወቀ ግን ታማሚው ያለ አስገዳጅ ምክንያት ደም እንዳይሰጠው ይደረጋል፤ ለታቀደ ቀዶ ሕክምናም የራሱ ደም ቀድሞ ሊቀመጥለት ይችላል። ስም ማወቅ እዚህ መድኃኒት ባይሆንም ከሞት የሚያድን ማስጠንቀቂያ ነው።

ለታማሚው ቤተሰብም ሌላ ነገር ይሰጣል። የወንድምየው ሕመም የእናት ኃጢአት፣ የአባት እርግማን አለመሆኑን፣ ከብዙ ትውልድ በፊት በአንድ ዘረመል ላይ የተፈጠረ ጉድለት መሆኑን ይነግራቸዋል። ሰው ከገበታ የተገለለበት ምክንያት ሲነሣ ወደ ገበታው ሊመለስ ይችላል።

ወደ ኮረብታው መመለስ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ በኦቾሎ ኖሮ ያጠናው የሕዝቡን የጉባኤ ሥርዓት ነበር። በጋሞ የጋራ ጉዳይ በዱቡሻ፣ በአደባባይ ይመከርበታል። የደም ጥናት ወደ እንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ሲገባ በዱቡሻው ማለፉ ተገቢ ነው፤ ደም የሚወሰድበትን ምክንያት ሽማግሌዎች ካልሰሙ ማንም እጁን አይዘረጋም። የውጤቱ ነገር ግን ሌላ ነው። ወባ ወይም ቁንጭር የአንድ ሰው ስም ላይ ቢጻፍ ጎረቤቱ አይሸሸውም ይሆናል፤ የውርስ ሕመም ግን የእኅትን ጋብቻና የልጅን ስም የሚነካ ነው። ፈቃዱ በአደባባይ፣ ውጤቱ በጆሮ መነገር አለበት። በቡድን ስም የሚታተም ቁጥርም ቢሆን አንድን ጥቂት ቤተሰብ በጣት የሚያስጠቁም እንዳይሆን መጠበቅ የተመራማሪው ግዴታ ነው።

የሚያስፈልገው ጅምር ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች በሚሠለጥኑበት ክፍል የተሸበሸበውንና እሾሃማውን ሕዋስ የመለየት ልምምድ ቢጨመር፤ ያለ ፈቃድ የሚወራጭ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ወይም ቅባት የበዛበት ተቅማጥ የማይለቀው ሰው ሲመጣ ስስ ቅብ በትኩስ ደም እንዲዘጋጅ ቢደረግ፤ በውጤት ወረቀቱም ላይ «የቀይ ሕዋስ ቅርጽ» የምትል አንዲት መስመር ብትታከል፣ ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚበቃ መነሻ ይገኛል። ብዙዎቹ መስመሮች «ጤናማ» ተብለው ይሞላሉ። ያም ቢሆን መረጃ ነው፤ የደቡብ አፍሪካው ጥናት ያስተማረው የሌለውን በትክክል የለም ማለትም ዕውቀት መሆኑን ነው።

ተመራማሪዎች ወደ ኦቾሎ የወጡት የበሽታው ጠባሳ በልጆች ፊት ላይ ስለሚታይ ነበር። ጠባሳው ጠራቸው፤ ጠባሳውን ተከትለው እስከ ሽኮኮው ዋሻ ደረሱ። የውርስ የነርቭ ሕመም በፊት ላይ ጠባሳ አይተውም። ምልክቱ በስላይዱ ላይ ነው፤ ስላይዱም በየጤና ተቋሙ በየቀኑ ከማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። የቀረው ተህዋሲው ከታየ ወይም ካልታየ በኋላ ስላይዱን ከማንሣት በፊት ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቤቱን ደግሞ ማየት ነው።